ሁሉ ሰው አማርኛ የሚናገርልኝ ከተማ

ልጄ ሠናይት ባለፈው እሑድ ከናይሮቢ ደወለችልኝ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ወንበሬን ከምግብ ቤቴ በር ላይ አውጥቼ፣ ኬላውን ለማለፍ የተሰለፉትን ከባድ መኪናዎች እያየሁ ነበር። ሠናይት ነርስ ናት። እዚሁ በኬንያው ሞያሌ የሥራ ቦታ ተገኝቶላት እስከ ወሩ መጨረሻ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብላ መልስ መስጠት አለባት። "አባዬ፣ እዚያ ተወልጄ ባድግም የልጅ ዓይን ሌላ ነው። ባሌንና ልጆቼን ይዤ ለመምጣት ነው የምጠይቅህ። ጥሩውንም መጥፎውንም ሳትደብቅ ንገረኝ" አለችኝ። ምክር ሲጠይቁኝ ቀጠሮ የምይዝ ሰው አይደለሁም፤ ወዲያው ጀመርኩላት።

ከመጥፎው ተነሣሁ፤ ሰው መጀመሪያ የሚጎዳውን ማወቅ አለበት ብዬ ስለማምን። ውሃ በቦቴና በአህያ ነው የሚመጣው አልኳት። ነፋሱ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ወሬ ከነፋሱ ይፈጥናል፤ አንድ ሰው ገበያ ውስጥ ከሮጠ ሱቅ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ለምን እንደተዘጋ ግን በማግስቱ ነው የሚታወቀው። ጥሩው ደግሞ ሁለት ገበያ አለን፤ ሽንኩርት ወዲያ ሲረክስ ስኳር ወዲህ ይረክሳል። መኪና ከኬላው ወዲያ በቀኝ፣ ወዲህ በግራ ይነዳል፤ እዚህ ያደገ ልጅ መንገድ ሲሻገር ሁለቱንም ጎን ማየት ይለምዳል፣ ይህም ለኑሮ ይጠቅማል። የስዋሂሊ ሰዓት እንኳ እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። "ከሁሉ በላይ ግን ቋንቋ አያስቸግርሽም። ሁሉ ሰው አማርኛ ይናገራል" አልኳት።

"ሁሉ ሰው?" አለች።

"ሁሉ ሰው።"

"እሺ አባዬ" አለችና ስለ እናቷ ጉልበት ጠይቃኝ ዘጋች። ያቺን "እሺ" ያን ቀን አልመረመርኳትም። ደህና ምክር እንደሰጠ ሰው ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩ ሲመጣ ሐሳቤ ወደ መጣሁበት ዘመን ሄደ። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ነው ወደዚህ የተሻገርኩት፤ እንዴትና ለምን እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። ከናይሮቢ ወገን፣ ከኢሲዮሎ የሚመጣው የጭነት መኪና በወታደር ታጅቦ፣ መንገድ ላይ እያደረ ነበር የሚደርሰው፤ ከላይ የተሳፈሩት ሰዎች ሲወርዱ ከአፈር የተሠሩ ይመስሉ ነበር፣ ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ይታይ ነበር። ሻይ በሁለት ሽልንግ፣ በዘይት የሚጠበሰው ማንዳዚ በአንድ ሽልንግ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ የሻዩን ሽታ የሚሸጥልህ የለም። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ልብስ ሰፊዎች ይደረደሩ ነበር። ከናይሮቢ በቦንዳ የመጣ ሰፊ ሱሪ እዚያ ይጠባል፣ የጠበበውም እዚያው ይሰፋል፤ የዘመኑ ጎረምሳ ጥብቅ ሱሪና ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ማበጠሪያውን ከኋላ ኪሱ ብቅ አድርጎ በዚያ ማዕዘን ሦስት ጊዜ ካላለፈ ቀኑ አልመሸም ነበር። ከሰፊዎቹ አጠገብ አንድ ካሴት ሻጭ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው የተቀደደ ስለነበር ወንዱም ሴቱም ዘፋኝ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። የሚያጫውተው ባብዛኛው የአማርኛ ዘፈን ነው። የቦረና ወጣቶች ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ የፍቅር ግጥሙን ከነእንጉርጉሮው አብረው ይሉት ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። ሰው አገር መጥቼ አገሬ የተቀበለችኝ መሰለኝ።

ጉዮን ያወቅሁት በዚያ ማዕዘን ነው። የከብት ደላላ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። ጥቅልሌን ይዤ ቆሜ ሲያየኝ መጣና በአማርኛ "አንተ ሀበሻ፣ የጠፋህ መንገድ ነው ወይስ አገር?" አለኝ። አማርኛውን በልጅነቱ መጋ ገበያ፣ ከብት ከሚገዙ ወታደሮች ነው የለቀመው። "መጀመሪያ የተማርኩት ስድቡን ነው፤ ሰላምታው ዘግይቶ መጣ" ይል ነበር። ከቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ያከራየኝ እሱ ነው። ለመታወቂያው፣ ለኪፓንዴው፣ በቺፉ፣ በአካባቢው ሹም፣ ፊት ቆሞ በስዋሂሊም በቦረንኛም የተከራከረልኝ እሱ ነው። ሠናይት የተወለደች ዕለት ሚስቱ ቱሜ ወተት ይዛ መጣችና "ከዛሬ ጀምሮ አባ ሠናይት ነህ" አለችኝ፤ በአገሬው ልማድ ሰው በበኩር ልጁ ይጠራልና። እስከ ዛሬ በሌላ ስም የሚጠራኝ የለም።

ጉዮ ቀልደኛ ነበር። አንድ ቀን ላሙ ከአጥራችን ገብታ ጎመኔን ስትበላ ደርሼ "ውጪ! ሂጂ!" እያልኩ እጮህባታለሁ። ላሟ ንቅንቅ የለም። ጉዮ አጥሩን ተደግፎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። "ቆይ አትጩህባት፤ እሷም ትማርልሃለች። እኛ ሁላችን ተማርንልህ አይደል? አንተ ሀበሻ፣ ላሜ እንኳ አማርኛ ሳትማርልህ አትሞትም!" አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቀልዱን ለስንት እንግዳ ስነግር ኖሬአለሁ፤ ስለ ላሟ ይመስለኝ ነበር።

ማንም ትምህርት ቤት አላስገባኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ብቻዬን ነው። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት፣ ስዋሂሊን ደግሞ ሥጋ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ተማርኩ፤ ደሙ የነካውን ቃል እየገመትኩ። በዚህ እኮራለሁ፣ ልጆቼንም በዚህ ስመክር አሰልችቻቸዋለሁ። ሰው ከፈለገ ይማራል፤ ያልተማረ ስላልፈለገ ነው እላቸው ነበር። ስዋሂሊን የተማርኩት ቺፉንና ፖሊሱን ፈርቼ ነው፤ እንግሊዝኛን የተማርኩት የተማረ ሰው አክብሬ ነው። ቦረንኛን እንድማር ግን የምፈራው አላጋጠመኝም፤ የማከብረውም ሰው አልጠየቀኝም። ይህችን የመጨረሻ ነገር አሁን መልሼ ሳነባት ታሳፍረኛለች፤ እውነት ስለሆነች አልሰርዛትም።

ቤቴ ውስጥ ሕግ ነበረኝ። እራት ላይ አማርኛ ብቻ። ቦረንኛ ያመለጠው ልጅ ሌሎቹ በልተው እስኪነሡ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ከቱሜ ልጅ ከሊበን ጋር ስትጫወት የምትውለው ሠናይት ነበረች፣ ስለዚህ ብዙ የቆመችውም እሷ ነበረች። እናቷ "ታዲያ ከጎረቤት ጋር በምን ትጫወት?" ስትለኝ "ጎረቤቱ አማርኛ ያውቃል" እላት ነበር። ልጆቼ ሥር መሠረታቸውን እንዳይረሱ ነው ብዬ ነበር። ሥር የሌለው ሰው በነፋስ ይወሰዳል እያልኩም እሰብክ ነበር። አሁንም ሥር ያስፈልጋል እላለሁ። ግን ተተክሎ የቆመበትን አፈር የሚጸየፍ ዛፍ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ቱሜ ሰው ላከችብኝ። ጉዮ ስትሮክ መትቶት፣ ግማሽ ጎኑን ይዞት ማርሳቢት ሆስፒታል ከርሞ ቡቲዬ ወዳለው ቤቱ ተመልሷል አሉኝ። ከተማው ሲጣበብ ፍየሎቹን ይዞ ወደዚያ ከወጣ ቆይቷል። በቦዳ ቦዳ ሄድኩ፤ ድሮ በእግራችን እየቀለድን የምንሄደውን መንገድ ሞተር ብስክሌቱ ሻይ እስኪበርድ እንኳ አልፈጀበትም። ጉዮ ከዳሱ ሥር ተጋድሟል። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ተስቧል፣ ዓይኑ ግን የድሮው ነው። "አንተ ደላላ! ሞትን ደግሞ በስንት አስማማኸው?" ብዬ እጁን ያዝኩ።

በደህናው ጉንጩ ፈገግ አለ። ከዚያ ተናገረ። በቦረንኛ ነው፤ ቀስ እያለ፣ ቃሉ እየተንከባለለበት። አማርኛው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም።

"አማርኛው ጠፋ" አለች ቱሜ ከጀርባዬ። "ስዋሂሊውም ጠፋ። ሐኪሙ አንዳንዱ ሰው እንዲህ ይሆናል አለን። ኋላ የተማረው ሁሉ ሄደ፣ የእናቱ ብቻ ቀረ።"

ጉዮ እጄን ሳይለቅ ብዙ ተናገረ። የሕይወቴን ግማሽ ከዚህ ሰው ጋር ሳወራ ኖሬአለሁ፤ ያን ቀን ግን የገባኝ የእጁ ሙቀት ብቻ ነው። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀኝና ዓይኖቼን እያየ ጠበቀ። ጥያቄ መሆኑን አወቅሁ። ምን እንደጠየቀኝ አላወቅሁም። አላወቅሁም ለማለትም አፈርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በእሱ ደጅ፣ እንዴት እላለሁ? አንዲት የማውቃት ቃል ነበረችኝ። "ኤዬ" አልኩት፤ አዎ ማለት ነው። ደግሞ ጠየቀኝ። "ኤዬ፣ ኤዬ" አልኩ፣ እንዲያውም ራሴን ነቀነቅሁ። ጉዮ እንባው በጉንጩ ወረደ፣ እፎይ ብሎም ራሱን ትራሱ ላይ አሳረፈ።

ቱሜ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች። ወደ አጥሩ ወሰደችኝና "አባ ሠናይት፣ ምን እንዳልክ ታውቃለህ?" አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ፍየሎቹ መለስኩ።

"ሐሙስ ልጆቹ ከብቱ ወዳለበት መንደር፣ ወደ ኦቦ ይወስዱታል። ከብቱን አይቶ መሞት ይፈልጋል። እዚያ ሽማግሌ ፊት ለልጆቹ የመጨረሻ ቃሉን ይናገራል፤ ይህ ቤት፣ ያ ከብት ለማን እንደሆነ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ከሁለት እናት ናቸው፣ ታውቃለህ። የእኔም ሊበን አለበት። የጉዮ ወንድሞችም ወገን ይዘዋል። 'አንተ የማንም ወገን አይደለህም፤ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስማልኝ፣ ኋላ ሲጣሉ አባታችሁ ያለው ይህን ነው በላቸው፤ ትሰማልኛለህ?' አለህ። አንተ ኤዬ አልክ።"

"ቱሜ፣ እኔ እኮ..."

"አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አማርኛ ስሰብርልህ የኖርኩ እኔ አይደለሁ? ቡና ግዛልኝ፣ ልጅህ ታሞአል፣ ዝናብ መጣ፣ ልብስህን አስገባ፤ ሁሉን በአንተ አፍ ነው የነገርኩህ።"

"እንግዲያው አሁን ንገሪው። ቋንቋውን አልሰማም በይልኝ።"

"እኔ?" አለች ቱሜ። "ኤዬ ያለው የማን አፍ ነው? ያው አፍ ይንገረው።"

ተመልሼ ገባሁ፤ ጉዮ ግን እንቅልፍ ወስዶት ነበር። የፈለገውን እማኝ አግኝቶ የተኛን ሰው መቀስቀስ አልቻልኩም። ይህን ለራሴ ምክንያት አድርጌ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ዝም ብዬ ሄጄ ልቀመጥ? ጉዮ ይናገራል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ማን ያውቃል? ኋላ ግን ሁለቱ ወንድማማቾች ዱላ ተማዝዘው ደጄ ቢመጡና "አባታችን ምን አለ?" ቢሉኝስ? የአንድ ቤት ሰላም በእኔ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጆሮዬ ባዶ ነበር። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ለሠናይት ደወልኩ።

"ሠናይት፣ 'ቋንቋችሁን አላውቅም' በቦረንኛ እንዴት ይባላል?"

"ማነው የሚጠይቀው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?"

ነገርኳት። ሁሉንም፣ "ኤዬ" ያልኩትን ጭምር። ከዚያ እንደ ሕፃን አስጠናችኝ። "አፋን ኬሳን ኢምቤኩ" ትላለች፣ እላለሁ። "አይደለም አባዬ፣ አታጥብቀው፣ ቀስ በል" ትላለች። ደግሜ እላለሁ። "እኔ እኮ ይህን ስላወቅሁ ነው ግድግዳ ተደግፌ ያደግሁት" አለችኝ በመሐል። በቁጣ ብትናገር ኖሮ በቀለለኝ፤ እንዲያው እንደ ተራ ወሬ ነበር ያለችው።

"እሑድ የነገርኩሽን አርሚልኝ" አልኳት። "ሁሉ ሰው አማርኛ ይናገራል ያልኩሽ ልክ አይደለም። ሁሉ ሰው ለእኔ አማርኛ ይናገርልኛል። ከተማው ከዚህ የሚበልጥ ደግነት የለውም፤ እኔ ግን የደግነቱን ዋጋ ሳላስብ በላሁት። ውሃውና አቧራው የሞያሌ ጉድለት ነው። ይህኛው የእኔ ነው።"

"ታዲያ ልምጣ ወይስ ልቅር?"

"ነይ። ልጆቹ ከቱሜ የልጅ ልጆች ጋር ይዋሉ። እራት ላይም አፋቸው ያመጣላቸውን ይናገሩ።"

ሐሙስ ሊበን በፒክአፕ መኪና ወሰደን። ጉዮ ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎለት፣ ቱሜ ራሱን ይዛ፣ እኔ ከሊበን ጎን። የኦቦ መንገድ እንደ ድሮው ነው፤ አስፋልቱ ወደ ዋና ከተማ እንጂ ወደ ሰው ቤት አይሄድም። መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔ በአፌ ውስጥ ያቺን ዓረፍተ ነገር እይዛታለሁ፣ እንዳትወድቅብኝ። ስንደርስ ጉዮን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አሳረፉት። ከብቱን አምጥተው በፊቱ አሳለፉለት፤ አንዷ ቀይ ላም ቆማ አሸተተችው፣ እሱም በደህናው እጁ አፍንጫዋን ነካት። ሽማግሌዎቹ በግማሽ ክብ ተቀመጡ። የጉዮ ታላቅ ወንድም ከጎኑ ባዶ ቦታ አሳየኝ፤ የእማኙ ቦታ ነበር።

አልተቀመጥኩም። ባርኔጣዬን አወለቅሁና "አፋን ኬሳን ኢምቤኩ" አልኩ።

መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ አንድ ነገር ብሎ ሁሉን አሳቀ፤ ሊበን ተርጉሞ ነገረኝ፣ "እኔም አላውቅም ማለትን እንዲህ አጥርቼ በአማርኛ ብችል ይበቃኛል" ነው ያለው። ኋላ ፊቴን ሲያዩ ሳቁ ቀስ በቀስ ቀረ። የጉዮ ታላቅ ወንድም በአማርኛ ጠየቀኝ። "ሞያሌ ብዙ ዘመን ኖረሃል።"

"ብዙ።"

"ልጆችህስ?"

"እነሱ ያውቃሉ። እኔ እየከለከልኳቸው ነው ያወቁት።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ በተከራከርኩ ነበር። "ስለ ነገርከን ተባረክ" አለኝ። "የማይሰማ እማኝ ነገር ያበላሻል። እዚያ ጥላ ሥር አረፍ በል፣ ወተት ያመጡልሃል። አንተ እንግዳችን ነህ።"

እንግዳ። ሰውየው በአክብሮት ነው ያለው፣ ትክክልም ነበር። ከዚያው መንደር ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሌላ ሽማግሌ ተጠርቶ በቦታዬ ተቀመጠ። ጉዮ በዓይኑ ተከተለኝ። ተቀይሞኝ ይሁን አዝኖልኝ አላወቅሁም፤ ዓይኑም በቦረንኛ ነበር።

ከሴቶቹ ጋር ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። ጉዮ መናገር ጀመረ። ድምፁ ደካማ ቢሆንም ነፋሱ ወደኛ ነበር። ቱሜ መቀነቷን ጨብጣ ታዳምጣለች፤ አንድ ቦታ ላይ ጭብጧ ተፈታ፣ ትንፋሽዋም ወጣ። "ቤቱን ለሁለቱም አለ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ከብቱንም ከነጥጃው እኩል። አይከፋፈሉትም፣ አብረው ይጠብቁታል አለ።" እኔም እፎይ አልኩ፤ የነገሩ ሸክም በሚችል ጆሮ ላይ አርፏል።

ከዚያ ከሚፈሰው ቃል ሁሉ መሐል ስሜን ሰማሁ። "አባ ሠናይት" አለ ጉዮ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና "አባ ሠናይት" አለ። ልጆቹ ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ፣ ሽማግሌዎቹም አዩኝ። ወተቱን ይዤ ቀረሁ።

"ምን አለ?" አልኳት ቱሜን።

ቱሜ መቀነቷን እንደገና ጨበጠች።

"ቱሜ፣ ስለ እኔ ምን አለ?"

"ልጆቹን አዘዘ" አለች። "'አባ ሠናይትን አታስቸግሩት' አለ። 'እኔ ስሄድ ብቻውን ይቀራል። አማርኛ የምትችሉ በአማርኛ አናግሩት፤ የማትችሉ ተማሩለት' አለ።"

ወተቱን መሬት አስቀመጥኩት። ስብሰባው ሲያበቃ ሊበን ተነሥቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ ቃል በቃል እያጠራ፣ ከእኔ ልጆች በተሻለ አማርኛ፣ "አባ ሠናይት፣ ደክሞዎት ይሆናል። ፀሐዩ ሳይበረታ ላድርስዎት?" አለኝ።